ማንም ያልቀመሰው ሊጥ

ሰሞኑን ጉንፋን ይዞኝ አፍንጫዬ ሥራ አቁሟል። ትናንት ሽንኩርት ጥጄ ስልኬን እየነካካሁ ቆሜ ሳለ ባለቤቴ ከሥራ ገባና ገና ከበሩ፣ «ሴትዮ፣ ቤቱን ልታቃጥይው ነው?» አለኝ። ዞር ብዬ ሳይ ሽንኩርቱ ከሰል ሆኗል። አጠገቡ ቆሜ ምንም አልሸተተኝም። እሱ እየሳቀ መስኮት ከፈተ። እኔ ግን ሳቄ አልመጣም። ኦክላንድ አጠገብ ካስትሮ ቫሊ ያለች አንዲት ወጥ ቤት ትዝ አለችኝ፤ አሮጌው የጋዝ ምድጃ፣ የሎሚ ዛፉ የሚታይባት መስኮት፣ ኦማም።

ኦማ በጀርመንኛ አያት ማለት ነው። ስማቸው ኢንግሪድ ነበር። እዚህ አገር የሰማንያ አራት ዓመት ሰው በስሙ ይጠራል፤ የእኔ የወሎዬዋ አፍ ግን እምቢ አለ። የልጅ ልጆቻቸው «ኦማ» ሲሏቸው ሰማሁና እኔም ኦማ አልኩ። እንግሊዝኛው አንቱታ ባይኖረውም እኔ በሆዴ «እርስዎ» እያልኩ ነበር የማወራቸው።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ኮምቦልቻ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ኦክላንድ አክስቴ ዘሀራ ጋ ከመጣሁ ዓመት አልሞላኝም፤ በዚያች ጊዜ ውስጥ ግን ሦስት ሥራ ለቅቄያለሁ። አንድ ቦታ መቀመጥ አልችልም፤ አፌም አያርፍም። አክስቴ፣ «የአንቺ ምላስ እግር አለው፤ ከአንቺ ቀድሞ ነው የሚደርስ» ትለኝ ነበር። አራተኛው ሥራዬ ኬርጊቨርነት ሆነ። ኦማን መድኃኒት አስውጣለሁ፣ ቤት አጸዳለሁ፣ ገበያ አብሬያቸው እሄዳለሁ። ከአሥራ አምስት ቀን በላይ እንደማልቆይ እርግጠኛ ነበርኩ። ያቆየኝ መጋገሩ ነው።

የቤይ ኤሪያ ወቅት ተገላቢጦሽ ነው፤ በበጋ ደርቆ የከረመው ኮረብታ በብርድ ወራት ይለመልማል። በኖቬምበር የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ኦማ ሽርጣቸውን ከመሳቢያ አወጡ። መጀመሪያ የሚጋገረው ሽቶለን ነው፤ ዘቢብና አልሞንድ የበዛበት ከባድ ዳቦ። ከኦቨን እንደወጣ የቀለጠ ቅቤ ያጠጡትና ዱቄት ስኳር ያለብሱታል። ነጭ ሆኖ ሲታይ በጨርቅ የተጠቀለለ አራስ ልጅ ይመስላል፤ ለነገሩ የገናውን ሕፃን እንዲመስል ተብሎ ነው። ከዚያ ተጠቅልሎ ቀዝቃዛ ቁም ሳጥን ውስጥ ይተኛል። ለገና እስኪደርስ ማንም አይነካውም።

ዘቢቡ ሩም የሚባል መጠጥ ውስጥ ያደረ ነበር። ሳህኑን ሲከፍቱት ሽታው ገጨኝና እጄን ከሊጡ አወጣሁ።

«ይሄ አልኮል ነው። እኔ አልነካም።»

«ትንሽ እኮ ናት።»

«ትንሿንም።»

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ ሳቁ። «ከጦርነቱ በኋላ እናቴ ሩም ከየት ታመጣለች? በአፕል ጁስ ነበር የምትዘፈዝፈው» አሉ። ከሊጡ ቆርሰው ለብቻው አስቀመጡ፤ ሌላ ዘቢብ በአፕል ጁስ ዘፍዝፈው ትንሽ ሽቶለን ጋገሩልኝ። «ይሄ ያንቺ ነው። ከገና በፊት ብትነኪው ግን እጅሽን ነው የምቆርጠው።»

ታዲያ ያን ሰሞን አንድ ነገር አየሁ። የተበላሸ ወተት ቡና ውስጥ ጨምረው ጭልጥ አደረጉት። ቅቤ ምድጃ ላይ እያረረ አጠገቡ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ። አንድ ረቡዕ ደግሞ በሩን ስከፍት የጋዝ ሽታ መለሰኝ፤ ምድጃው ክፍት ነው፣ እሳት የለውም፤ ኦማ ሶፋው ላይ አንገታቸውን ደፍተው እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ዘግቼ፣ መስኮቱን ሁሉ ከፍቼ፣ ቀሰቀስኳቸው።

«ኦማ፣ አፍንጫዎ አይሠራም አይደል?»

ሶፋው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡ። «አፍንጫዬ ከሞተ ቆይቷል። ምላሴም ከመድኃኒቱ ብዛት እንጨት ሆኗል። ክርስቲና እንዳትሰማ።»

ክርስቲና ሳን ሆዜ የምትኖር ልጃቸው ናት። ቤቱን ሸጠው እሷ ጋ እንዲገቡ ስትለምናቸው ከርማለች። ቤቱን የሠሩት ግን ሟቹ ባላቸው ናቸው፤ የሎሚውን ዛፍም የተከሉት እሳቸው። ኦማ፣ «ከዚህ የምወጣው ተሸክመውኝ ነው» ይሉ ነበር። ከገና በፊት ካሉት አራት እሑዶች በመጀመሪያው ክርስቲና ትመጣለች፤ አንድ ሻማ ይለኮሳል፣ የብስኩቱ ቆርቆሮ ይከፈታል። ልጅቱ እናቷ ደህና መሆን አለመሆናቸውን የምታውቀው በዚያ ብስኩት ነበር። እኔም ዝም አልኩ። እሳቸው ከሄዱ ሥራዬም አብሮ ይሄዳል፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ወድጃቸዋለሁ።

ለዚያ እሑድ የሚሆነው ሌብኩኸን ይባላል፤ በማርና በቅመም የሚሠራ ለስለስ ያለ ብስኩት ነው። ቅርንፉዱን፣ ቀረፋውን፣ ሄሉን እኔ ነኝ የወቀጥኩት፤ ለአፍንጫማ የወሎ ልጅ ነኝ። ኦማ ጨዉን በመዳፋቸው ነው የሚለኩት፤ መጨረሻ ላይ በትንሿ ጣታቸው ቀምሰው ያስተካክላሉ። እኔ ደግሞ ያን ቀን ጾመኛ ነበርኩ። በረመዳን ያለፉኝን ቀናት የምከፍለው ቀኑ አጭር በሆነበት በብርዱ ወራት ነው፤ ሴት ሁሉ የምታውቀው ብልሃት ነው። ጨዉን ጨመርኩ። ሳንተያይ ኦማም የስንት ዘመን እጃቸው መርቷቸው ጨመሩ። ጣታቸውን ላሱና «በቃ፣ ደህና ነው» አሉ፤ እንደ ድሯቸው ለመምሰል ነው እንጂ ምን ሊታወቃቸው! ሊጡ ብርድ ላይ ሰነበተ፤ ቅዳሜ ጋገርነው። ሽታው አንደኛ ነበር። ሽታ ግን ስለ ጨው ምንም አይናገርም።

ቅዳሜም ጾሜ ነበርና ፀሐይ ስትጠልቅ በቴምር አፈጠርኩ። ኦማ የመጀመሪያውን ብስኩት በክብር በሳህን አቀረቡልኝ። ገመጥኩ። ፊቴን እያዩ ነበር።

«እንዴት ነው?»

«ጨው ነው፣ ኦማ። ንጹሕ ጨው።»

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ሌላ እንዳናቦካ ሊጡ መሰንበት አለበት፤ እንግዳዋ ነገ ናት። ትንሽ ቆይተው ተነሡና፣ «ስኳር እንቀባዋለን» አሉ። ያንን ሁሉ ብስኩት ስኳር ስንመርግበት አመሸን። በመሐል ተያየንና ሳቅን፤ እስኪያመን ሳቅን።

ማታ ለአክስቴ ነገርኳት።

«ለምን አልቀመሽውም?»

«ጾመኛ ነኛ!»

«አንቺ ጅል! ለወጥ ቤት ሰው በምላስ ነክቶ መትፋት ይፈቀድ የለም እንዴ? እናቴ በረመዳን የወጡን ጨው በምን የምታውቅ መሰለሽ፣ በተአምር?»

እሑድ ክርስቲና መጣች። ሻማው ተለኮሰ። ቆርቆሮው ተከፈተ። አንድ አነሣች፣ ገመጠች፣ ማላመጧን አቆመች። ከዚያ ቀጠለች። ሙሉውን ጨርሳ ውኃ ጠጣችና፣ «ልክ እንደ ድሮው ነው፣ እማ» አለች። ዐይኗ እንባ አቅርሯል። «የቤቱንም ነገር እስከ በጋ እንተወው።»

ኦማ በጠረጴዛው ማዶ ጠቀሱኝ። አሸነፍን ማለታቸው ነው።

ዝም ማለት ነበረብኝ? እስከ ዛሬ እጠይቃለሁ። ሰው ሁሉ ለሰው አዝኖ የሚዋሽበት ጠረጴዛ ነበር፤ ጥሩ ጠረጴዛ። እኔ ግን ከኦማ ጀርባ ያለው ምድጃ ላይ ዐይኔ ተተከለ። እኔ ሥራ የማልገባባቸው ቀኖች ታዩኝ።

«ብስኩቱ ጨው ነው» አልኩ። «አንቺም ታውቂያለሽ። ኦማ አይሸታቸውም። ያለፈው ረቡዕ ጋዙ ተከፍቶ ተኝተው ነው ያገኘኋቸው።»

ክርስቲና በእጇ አፏን ያዘች። ኦማ ወደ እኔ አልዞሩም። ሻማውን እያዩ ቀስ ብለው፣ «ይሄን የምናገረው እኔ ነበርኩ» አሉ። ከዚያ በጀርመንኛ ከልጃቸው ጋር ማውራት ጀመሩ፤ እኔም ቤቱ ውስጥ እንደሌለሁ ሆኜ ዕቃ አጠብኩ። ስወጣ ደህና ዋይ አላሉኝም።

ከገና በፊት ኦማ ሳን ሆዜ ገቡ። ቤቱ ላይ የሽያጭ ምልክት ተተከለ። አክስቴ፣ «ጃብሽን በገዛ አፍሽ በላሽው፣ አ?» አለችኝ፤ ቀጥላም፣ «ግን እሳት ቢነሣስ ኖሮ» ብላ ሻይ ቀዳችልኝ። ሥራ ማጣቱ አልከበደኝም፤ ለምጄዋለሁ። የከበደኝ ያ አለመዞራቸው ነው። ከዚያ በፊት ሰው በእውነት ይቀየማል ብዬ አላውቅም ነበር፤ እውነት ከተናገርኩ የቀረው የሰውየው ጉዳይ ይመስለኝ ነበር።

ገና ሊገባ ሲል የአክስቴ አፓርታማ በር ተንኳኳ። ክርስቲና ናት። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። ትንሿ ሽቶለን ናት።

«ምን አሉ?» አልኩ።

«‹ሩም የለበትም በያት› ብላለች። ሌላ ምንም አላለችም።»

ቆማ ሳለች ቆረስኩት። ቅቤው ዘቢቡ ውስጥ ገብቶ፣ ስኳሩ ረጥቦ፣ ሁሉም ተዋሕዷል። በዚያ ሁሉ ዕቃ መጫንና መጣል መሐል ያቺን የእኔን ለይተው ይዘዋታል። አንዲት ጉርሻ ለክርስቲና ሰጠኋት። አለቀሰች፤ እኔም።

በዓመቱ ኖቬምበር ላይ ስልክ ተደወለ። ኦማ ራሳቸው ናቸው። «ምላሴ የት ነው ያለችው?» አሉ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። በባቡርና በአውቶቡስ ሳን ሆዜ ሄድኩ። ምድጃው የኤሌክትሪክ ነበር፤ ኦማ «የሆስፒታል ምድጃ» ብለው ይሰድቡታል። ጨዉን ለእኔ ሰጡ፤ እጃቸውን ከኋላቸው አጣምረው ቆሙ። ጾመኛ ነበርኩ። ሊጡን በምላሴ ጫፍ ነካሁና ተፋሁ።

«እህ?»

«ትንሽ ይጎድለዋል።»

«ትንሽ ስንት ነው? ምላስ ከሆንሽ በደንብ ተናገሪ!»

እስኪሞቱ ድረስ በየዓመቱ ሄድኩ። ስለዚያ እሑድ አንድም ቀን አላነሣንም፤ ቤታቸውን ግን ሲናፍቁ አያለሁ። የሎሚ ሽታ አይሸታቸውም፣ ግን ሎሚ ባዩ ቁጥር ያነሡና ወደ አፍንጫቸው ያስጠጉ ነበር። እሱን እያየሁም እውነቱን በመናገሬ አልጸጸትም፤ ሁለታችን ብቻ ሳለን «ኦማ፣ ይንገሯት፤ አለዚያ እኔ ልነግራት ነው» ብዬ አንድ ቀን ብሰጣቸው ኖሮ ግን እላለሁ። አንድ ቀን መታገሥ ምንም አልነበረም።

ዛሬ ጠዋት ሌብኩኸን አቦካሁ። እኛ ቤት ገና አይከበርም፤ ብስኩቱ ግን ዝናብ ሲጥል ይጋገራል። በጉንፋኑ ምላሴ ስለደነዘዘ የአምስት ዓመት ልጄን ሂክማን ወንበር ላይ አቆምኳትና ጣቷን ሊጡ ውስጥ አስነከርኳት። አማርኛ ትሰማለች፤ የምትመልሰው በእንግሊዝኛ ነው። ፊቷን አጨማደደች።

«ያክ! ቱ ሶልቲ፣ ማማ!»

ባለቤቴ ከሳሎን፣ «እናትሽን እንደዛ አይባልም!» አለ።

«ተዋት፤ ጨዉ በዝቷል» አልኩት። ዱቄትና ማር ጨመርኩበትና ሳህኑን እንደገና ወደ እሷ አስጠጋሁት።