የወይዘሪት እሺ ባዶ ጥግ

የሞባይል ስልክ አንቴና የምትነድፈውን ሴት የሥራ ባልደረቦቿ «ወይዘሪት እሺ» ይሏታል። ስሙ በከንቱ አልወጣላትም። ይሉኝታ የሚያጠቃት ሰው ናት። አሳንሰር ውስጥ በሩ ላይ የቆመውን ሰው «አሳልፈኝ» ማለት ከብዷት፣ ከራሷ ፎቅ አልፋ በደረጃ የተመለሰችበት ቀን አለ።

ይሉኝታ ላለበት ሰው ደግሞ ከአንቴና የባሰ ሥራ የለም። ስልክ የሚሠራባቸው ሞገዶች ብዙ ናቸው፤ ሁሉንም የምታስተናግዳቸው በስልኩ ጠርዝ በምትጠመዘዝ አንዲት ቀጭን ብረት ነው። አጫጭሮቹ ሞገዶች ብዙ አያስቸግሩም፣ በትንሽ ብረት ይረካሉ። ረጅሙ ግን ኩሩ ነው፤ ዙሪያው ባዶ ካልተተወለት አይሠራም። አንዱን ስታባብል ሌላው ያኮርፍባታል።

ባዶ ቦታ ጎረቤት ያስጎመጃል። የባትሪው ባለሙያ መጥቶ «እህቴ፣ ትንሽ ብቻ» አላት፤ እሺ አለች። የድምፅ ማጉያው ባለሙያም መጣ፤ እሺ አለች። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ የብረቷ ሰፈር እየተሸረፈ ሄዶ አንዲት ጥግ ቀረቻት። ረጅሙ ሞገድ የቤተ ሙከራውን ፈተና ያለፈው በጭንቅ ነው፤ ጥጓ ከተነካች አለቀለት። ከኔትወርክ ማማ ርቆ ላለ ሰው የሚደርሰው ደግሞ እሱ ብቻ ነው። እናቷ የሚኖሩት ከኮረብታ ጀርባ ነው። ይህ ስልክ ሲወጣ የመጀመሪያውን ለእሳቸው ልትገዛ ቃል ገብታለች።

ንድፉ ሊጸድቅ አንድ ቀን ሲቀረው የካሜራው ባለሙያ መጣ። ደግ ሰው ነው፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀላት ነበር። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ስክሪኑ ላይ ያቺን ጥግ በጣቱ ነካት።

«ካሜራዬ ትንሽ ወፍሮብኛል። እቺን ብትለቂልኝ?»

እሺታዋ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሷል።

«ባዶ ናት እኮ፤ ማንም የለባትም» ሲል ጨመረ።

«እናቴ አለችባት» አለችው።

ከየት እንዳመጣችው ራሷም አላወቀችም። ፊቷ ጋለ። ቢሆንም ዓይኗን በጨው አጥባ ቀጠለች፦ «ኮረብታ ጀርባ ነው ያለችው። ይቺን ከወሰድክብኝ ስደውልላት አትሰማኝም። አልሰጥህም።»

ሰውየው ጥጓን እንደገና አያት። ከዚያ ወንበሩን መልሶ ሄደ።

ወይዘሪት እሺን ምሳ አልበላ አላት። «ምን ይለኛል» ስትል ዋለች። ከሰዓት በኋላ አላስችል ሲላት ጠረጴዛው ድረስ ሄዳ፣ እጇን እያፍተለተለች ቆመች።

«ተቀየምከኝ አይደል?»

ሰውየው ከንድፉ ቀና አላለም። ካሜራውን ዳር ዳሩን እየቀነሰ ነበር፤ ገና ብዙ ይቀረዋል።

«የምን ቅያሜ» አላት። «የሰው እናት ከቤቷ አስነስቼ የት አባቴ እገባለሁ?»