እስከ «አ» ያለው የለይኩን ነው

ለይኩን ሚስቱን ቢሰድቡበት ይታገሣል፤ ዊንዶውሱን ግን አይንኩበት! የመን፣ ኤደን ከተማ፣ ተዋሂ ሰፈር ተወልዶ፣ ወደብ ላይ በክላርክነት አርጅቶ፣ ዛሬ እዚያው ሼክ ዑስማን ሰፈር ያለው የሐበሾች ማኅበር ጸሐፊ ነው። ጣቶቹ ሌላ ኮምፒውተር አያውቁም፤ ልማር ቢል እንኳ እንጀራው የሚሄድ ይመስለዋል።

ጣጣው የመጣው ሞባይል ነጋዴው ሚኪያስ ማክ ይዞ «ላግዛችሁ» ሲል ነው።

«ጋሼ፣ የእርስዎ እኮ ጊዜው አልፎበታል» አለው።

«ያንተው ለሠርግ ይሁንልህ! ይሄ ሹግል ነው፣ ሥራ!»

በዚያው ሳምንት ወደ አገራቸው በአውሮፕላን የሚመለሱ ወጣቶች ዝርዝር ለጉዞ ቢሮው ሐሙስ እስከ ቀትር መድረስ ነበረበት። የሳዑዲው መንገድ ተዘግቶባት ሰው ቤት የምታጸዳው ጥላነሽ «ስሜ ገባ ወይ?» እያለች በየማለዳው ትመጣለች። ሁለቱ ግን «በየትኛው ይጻፍ» እያሉ ሦስት ቀን ተናቆሩ። ወይ ጉድ! ሐበሻ ሲጣላ ምን ይደረጋል? ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ለኮምፒውተር!

«ማንም ቅር እንዳይለው» ብለው ፈረዱ የማኅበሩ ሊቀ መንበር እማማ ገላነሽ፣ «ከ'ሀ' እስከ 'አ' ያለው ስም በለይኩን ዊንዶውስ፣ ከ'ከ' እስከ 'ፐ' ያለው በሚኪያስ ማክ ይጻፍ።» ተሳሳሙ፤ ተመራረቁ።

ሐሙስ ጠዋት ጉዞ ቢሮው ደወለ፦ «የምንቀበለው አንድ ዝርዝር ብቻ ነው።»

ሚኪያስ የራሱን ግማሽ ለለይኩን ለመላክ አንድ ደቂቃ አይፈጅበትም ነበር። «ማክ ለዊንዶውስ እጅ አይሰጥም!» ብሎ እምቢ አለ። ለይኩንም የቀሩትን ስልሳ ስሞች ከመዝገቡ እያየ በአንድ ሰዓት መጻፍ ይችላል። እሱ ደግሞ «ሽማግሌ የበየነውን አላፈርስም፣ የሰው ድርሻ አልነካም» ብሎ እጁን አጣምሮ ተቀመጠ። አቤት ጨዋነት! ቀትር ሊሆን ሲል የራሱን ግማሽ ላከ፤ ቢሮውም እሱኑ ተቀብሎ ምዝገባውን ዘጋ። ኋላ የመጣው የሚኪያስ ግማሽ ተመለሰ።

ለይኩን ይህን ሲሰማ ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ደስታው ፊቱ ላይ ፈሰሰ።

«ኸላስ! አላልኳችሁም? ዊንዶውስ አሸነፈ!»

ጥላነሽ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ በሩ ላይ ቆማለች።

«እሰይ! እንኳን ደስ ያለዎት ጋሼ» አለችው ከልቧ። «ታዲያ እኔ የምሄደው መቼ ነው?»