ከዋርካው ግንድ ጀርባ

ልጅ ሳለሁ ከሁሉ የምወደው ቦታ ጣና ዳር ከቆመው ትልቅ ዋርካ ግንድ ጀርባ ነበር። ያኔ ጣሊያን ባሕር ዳርን ይዞ፣ ቁርአን የምንቀራበትን ቤት የስንቅ መጋዘን አድርጎት ስለነበር፣ የአባቴ አጎት ሐጂ ሰይድ የሠፈሩን ልጆች ከዋርካው ሥር ሰብስበው ማንበብ ያስተምሩን ጀመር። እኔ ሰው ሲያየኝ ድምፄ ስለሚጠፋ፣ ሌሎቹ ክብ ሠርተው ሲቀመጡ ከግንዱ ወዲያ ሆኜ አነብ ነበር። ሐጂም አንድ ቀን እንኳ ውጪ አላሉኝም።

ማታ ማታ ዓሣ በሚጠበስበት ፍም ዙሪያ ተቀምጠን፣ ጭሱ ዓይናችንን እያስነባን፣ ምፅዋ ላይ ከአንድ ሕንዳዊ ነጋዴ የሰሙትን ያወሩልን ነበር። በዚያ ሰው አገር አንድ ባለቅኔ፣ በልጅነቱ በግድግዳ መካከል መማር አስመርሮት ኖሮ፣ ኋላ በገላጣ ቀይ ሜዳ ላይ፣ ከዛፍ ጥላ ሥር ትምህርት ቤት ከፈተ። ልጆቹ የየራሳቸውን ምንጣፍ ይዘው ይመጣሉ፤ የመጀመሪያው ዝናብ ሲወርድም ትምህርቱን ትተው እየዘፈኑ ይበሰብሳሉ። ቦታው እያደገ ሄዶ፣ ከየአገሩና ከየሃይማኖቱ የመጡ ትልልቅ ሰዎች አብረው የሚማሩበት ሆነ።

«ጢም ያላቸውም ይማራሉ?» አለ ወንድሜ ዑመር።

«ይማራሉ። አንተም በዚህ አያያዝህ ጢም ሳታወጣ አትጨርስም።»

ታንኳ ሠሪው አባቴ ታንኳ ከሚሠራበት የተረፈውን የደንገል ሣር ሰጠንና እኛም የየራሳችንን ምንጣፍ ሠራን።

አንድ ጠዋት ስንሄድ ዋርካው የለም። ወታደሮቹ ለማገዶ ቆርጠው ወስደውት፣ ነጭ ወተቱ የሚንጠባጠብ ጉቶ ብቻ ቀርቷል። ትምህርቴ እዚያ ላይ ያበቃ መሰለኝ፤ ምንጣፌን አቅፌ ወደ ቤት ዞርሁ።

«ፋጡማ፣ ወዴት ነው?» አሉ ሐጂ።

«ዛፉ የለም» አልኋቸው።

«መደበቂያዋ ጠፍቶባት ነው!» ብሎ ዑመር ሳቀ።

ሐጂ ዑመርን በበትራቸው ጫፍ ነካ አደረጉትና፣ «እነዚያ ሕንዶችም ሲጀምሩ ሜዳው ላይ የነበረው ዛፍ ከሁለት አይበልጥም፤ ሌላውን ተከሉት እንጂ። ምንጣፍሽን ይዘሻል አይደል?» ብለው ከአጠገባቸው ቦታ ለቀቁልኝ።

ዘርግቼ ተቀመጥሁ፤ በማይሰማ ድምፅም ማንበብ ጀመርሁ። ቀና ስል የሐጂ ዓይኖች ተጨፍነዋል። ለካ ሁልጊዜም ሲያዳምጡን ዓይናቸውን ይጨፍኑ ኖሯል። ድምፄ ያኔ ተመለሰ።

የዚያን ዕለት ከጉቶው አጠገብ የዋርካ ቅርንጫፍ ተከልን። ኋላ እኔም ዩኒቨርሲቲ ገብቼ በግድግዳ መካከል ተማርሁ፤ በሰው ፊት መናገር ሲያስጨንቀኝ ግን ዛሬም እነዚያን የተጨፈኑ ዓይኖች አስባለሁ። በየዓመቱ ወደ አገሬ ስመለስ ዋርካችንን ሳላይ አልቀርም። ለብዙ ሰው የሚበቃ ጥላ አለው፤ ግንዱ ግን ገና እንደ ድሮው ስላልወፈረ ማንንም አይደብቅም።