«ትናንት» ተብላ የተሰቀለችው ዘይነብ

ባለፈው ሳምንት ለማትሪክ ጉርድ ፎቶግራፍ ልነሣ አራት ኪሎ አንድ ፎቶ ቤት ገብቼ፣ እንደታዘዝኩት ወገቤን ቀጥ፣ አገጬን ዝቅ አድርጌ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ፣ ከጨለማው ክፍል መጋረጃ ሥር ያ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል፣ አፍንጫን ቆንጠጥ የሚያደርግ የፊልም ማጠቢያ ሽታ መጣብኝ። ሌላ ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲሸተው ሆዱ ይባባል፤ እኔ ተናደድኩ። ፎቶ አንሺው «ፈገግ በይ እንጂ የኔ እህት፣ ለፖሊስ ጣቢያ አይደለም እኮ!» ቢለኝም አልሆነልኝም፤ ከሰው ልትደባደብ የተነሣች ተማሪ መስዬ ወጣሁ። ደርግ ከወደቀ ወዲህ ያናደደንን ነገር መጻፍ ይቻላል ከተባለ ደግሞ፣ ይኸው እኔም ልጻፋ!

ንዴቴ የአራት ዓመት ዕድሜ አለው። ያን ጊዜ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ሰፈራችን ፈረንሳይ ለጋሲዮን፣ ወደ እንጦጦ ከሚወጣው ዳገት ሥር ነው። አክስቴ «ፀሐይ» በሚባል ፎቶ ቤት ፊልም አጣቢ ስለነበረች ፀጉሯም፣ ሹራቧም፣ የምትቆርስልን ዳቦ ሳይቀር ያንን ሽታ ይሸት ነበር። ከሥራ የተረፈ የፊልም ጫፍ ስታገኝ አሮጌ ካሜራዋ ውስጥ ከትታ ታውሰኛለች፤ ጥቂት ፎቶ ብቻ ስለሚያወጣ አንዷን ለማንሳት ቀኑን ሙሉ ሳመነታ እውል ነበር። ያስተማረችኝ ነገር ደግሞ አጭር ነው፦ «ሰው ሲቆምልሽ አታንሺ፤ ሲረሳሽ አንሺ።»

ከሁሉ በላይ የሚረሳኝ ሰው ዘይነብ ነበረች። ዘይነብ የጎረቤታችን የጋሽ ኑሩ ልጅ፣ እኩያዬ፣ በመንገዳችን ላይ ኩሽኔታ የምትነዳ ብቸኛዋ ሴት ናት። ኩሽኔታ ያልነዳ ሰው ካለ ልንገረው፦ አንድ ጣውላ፣ ሥሩ ከመኪና ጎማ የወጡ ሦስት ክብ ብረቶች፣ ለመሪ ገመድ፣ ለፍሬን ደግሞ እግር ላይ ያለ በረባሶ። ጋሽ ኑሩ የመንግሥት አውቶቡስ ጋራዥ መካኒክ ስለነበሩ፣ አልቆ ከተጣለው የብረት ክምር ውስጥ ደህናውን መርጠው በካፖርታቸው ኪስ ያመጡላታል፤ ማታ በናፍጣ አጥበው፣ በጆሯቸው አጠገብ አሽከርክረው፣ ድምፁ ካልጣማቸው «ይሄ ይጮኻል እንጂ አይዘፍንም» ብለው ይጥሉታል። እውነትም የዘይነብ ኩሽኔታ ይዘፍን ነበር። መታጠፊያው ላይ ያለው ልብስ ሰፊ ድምፁን ገና ከሩቅ ሲሰማ ቴፑን እስከ ጥግ ይከፍትላታል፣ የቴፑ ሳክስፎንና ብረቱ ተጋጥመው ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ወንዶቹ ደግሞ «ሴት ልጅ ኩሽኔታ ላይ! ማን ያገባሻል?» እያሉ ከኋላዋ ይጮኻሉ፤ እሷም «የደረሰብኝ!» ብላ ትመልሳለች።

አንድ የነሐሴ ቀን ዝናቡ አስፋልቱን አጥቦት ሲያበቃ ፀሐይ ብልጭ አለች። እኔ ከቀበሌው ሱቅ ፊት ለፊት ቦይ ውስጥ ተንበርክኬ ጠበቅኳት። መጣች፤ ሻሿ ተፈቶ ከኋላዋ ተዘርግቷል፣ ከብረቶቹ ሥር ውሃው እንደ ክንፍ ተከፍሏል፣ አፏ በሳቅ ተከፍቷል። አነሳኋት። አክስቴ ፎቶውን አጥባ ስታመጣልኝ ግንባሬን ሳመችኝ። ከእንግዲህ ብዙ ሽልማት ባገኝ እንኳ እንደዚያ የምደሰት አይመስለኝም።

በዚያው ሰሞን ቀበሌያችን ለአብዮት በዓል «ትናንትና ዛሬ» የሚል የፎቶግራፍ ትርዒት አሰበ። የባህልና ቅስቀሳ ኃላፊው ጓድ መርሻ ጠባብ ክፍል ውስጥ እንኳ በድምፅ ማጉያ የሚያወሩ የሚመስሉ ሰው ነበሩ፤ «ካሜራ ያላት ልጅ» መባሌን ሰምተው የድሮ ፎቶ ከየቤቱ እንድሰበስብና የራሴንም እንድጨምር አዘዙኝ። ትእዛዝ ነበር፣ እኔ ግን በደስታ አበድኩ! በየቤቱ አልጋ ሥር ሻንጣ አለ፣ በየሻንጣው ፎቶ አለ፣ በየፎቶው ደግሞ ትምህርት ቤት ያልነገሩን ታሪክ አለ። እስከዚያ ቀን ታሪክ የነገሥታት ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር፤ የአንዱ ጎረቤታችን አያት ለጋሲዮኑ ግቢ ውስጥ አትክልተኛ እንደነበሩ፣ መንገዳችን የእንጨት ተሸካሚዎች መውረጃ እንደነበረ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። እማማ ደስታ የሃያ ዓመት ልጅ ሳሉ በሐር ቀሚስ የተነሡትን ፎቶ እያሳዩኝ «ቀሚሱ የፎቶ ቤቱ ነው፣ ጫማውም የፎቶ ቤቱ ነው። የእኔ ጥርሴ ብቻ ነው» አሉኝ። ሁሉንም በእርሳስ ከጀርባው ጻፍኩት፤ ማን እንደሆነ፣ የት፣ መቼ።

ጓድ መርሻ ፎቶዎቹን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጓቸው ምን እንደገጠማቸው በኋላ ነው የገባኝ። ድሮ ሰው ፎቶ የሚነሣው ተውቦና ተውሶ ነው፤ ስለዚህ ትናንት ሁሉም ሙሽራ ነው። የእኔ ዛሬ ደግሞ በረባሶ፣ ጭቃ፣ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክማ የምትወርድ ሴት፣ በተጣለ ብረት የምትሄድ ልጅ። ሰውየው ከእርሳሴ ይልቅ መፈክራቸውን አመኑና አገላበጡት! በበዓሉ ቀን አዳራሹ ሲከፈት እማማ ደስታ በሐር ቀሚሳቸው «ዛሬ» ከሚለው ሥር፣ «ነፃ የወጣችው ሴት» ተብለው ተሰቅለዋል።

«ዛሬ ነው እንዴ የምትሉት?» አሉ እማማ ደስታ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው። «እንግዲያው መልኬን መልሱልኛ!»

አዳራሹ ሳቀ፤ እኔም ስቄ ሳልጨርስ ዘይነብን አየኋት። «ትናንት» ከሚለው ሥር ናት። በቀይ ቀለም «በአድኃሪው ሥርዓት መጫወቻ ተነፍጋ በምሬት የምትጮኽ ምስኪን ሕፃን» ይላል። በስተቀኝ የነበረው፣ ዘመኑን የሚያሳብቀው የቀበሌው ሱቅ ታፔላ የለም። በመቀስ ተቆርጧል። በመቀስ! ተሳስተው ቢሆን እኮ ይቅር እላለሁ፤ የሚሳሳት ሰው ግን መቀስ አያነሳም።

«ጓድ መርሻ» አልኩ፣ «ይሄን እኔ ነኝ ያነሳሁት። በነሐሴ ነው። ዘይነብ ናት፣ እያለቀሰችም አይደለም። የቀበሌውን ታፔላ ደግሞ ቆርጠውታል።»

እሳቸው ፈገግ አሉ። «በነሐሴ? በአብዮቱ ዘመን የእኛ ልጆች ናቸው በቁርጥራጭ ብረት የሚጫወቱት?» ቀኑን ልደግምላቸው ስል ድምፃቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አደረጉ። «ይሁን። ነሐሴ ይሁን። ታዲያ ብረቱን ከየት አመጣችው? ይሄ የአውቶቡስ ብረት ነው። የአውቶቡስ ብረት የማን ንብረት ነው?»

 ጋሽ ኑሩ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር፤ ሁለት እጃቸው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ነው። የመንግሥት ንብረት መዝብሯል የተባለ ሰው ወዴት እንደሚሄድ ከልጅ እስከ አዋቂ ያውቃል።

ዘይነብ ወደ ፊት ወጣች። «እኔ አይደለሁም ጓድ። እናቴ ናት። ልጅ ሆና።»

«እሷ ናት እንጂ!» አሉ እማማ ደስታ ወዲያው፣ ዱላቸውን መሬት እየመቱ። «ሶፍያ ናት! እዚሁ መንገድ ላይ መቆሚያ መቀመጫ ስታሳጣን እኔ አይደለሁ ጆሮዋን የምቆነጥጣት?»

የዘይነብ እናት እትዬ ሶፍያ ታክሲ ውስጥ እንኳ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚሄዱ ሰው ናቸው። ሻሻቸውን አስተካከሉና፣ ሌብነት የሚናዘዙ ይመስል፣ «አዎ፣ እኔ ነኝ» አሉ። ጓድ መርሻ ጨበጧቸውና ለአድኃሪው ሥርዓት ሰለባ ይጨብጨብ አሉ። ተጨበጨበ። ጓድ መርሻ ውሸት መሆኑን ያውቃሉ፣ ሕዝቡም ያውቃል፣ እንደምናውቅም ያውቃሉ፤ ግን ሁሉም አጨበጨበ። እኔ እጆቼን ብብቴ ውስጥ ከተትኩ።

ውጭ ስንወጣ የዘይነብን ክንድ ይዤ «ፎቶሽ ነው እኮ!» ብዬ ጮኽኩባት።

«አባቴ ነው እኮ» አለችኝ።

ክንዷን ለቀቅኩት። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው፤ ልክ ነበረች። አንዲት የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ አባቷን ለማዳን የገዛ ሳቋን «የእኔ አይደለም» እንድትል ያደረገ ሰው በዚያው ምሽት ቤቱ ገብቶ እራቱን በላ።

እትዬ ሶፍያ ለሳምንት ያህል «ባለኩሽኔታዋ» ተብለው ሲቀለድባቸው «ከተጨበጨበልኝ አይቀር፣ ምነው አንዴ እንኳ በነዳሁት!» እያሉ አብረው ሳቁ። ጋሽ ኑሩ ግን ጣውላውን ፈልጠው ምድጃ ውስጥ ከተቱት፣ ብረቶቹን ወንዝ ጣሉ። ማንም ከልክሉ ያለ የለም፤ አንዱ አባት ሌላውን አይቶ ልጁን ከለከለ፣ መንገዱም ዝም አለ። ልብስ ሰፊው ቴፑን ዝቅ አድርጎ መስፋት ጀመረ። በዓመቱ እነዘይነብ ወደ ናዝሬት ሄዱ።

ፎቶውና ፊልሙ ለትልቅ ትርዒት ይፈለጋል ተብሎ ከቀበሌው በላይ ወዳለው የከፍተኛ ጽሕፈት ቤት ሄዶ ቀረ። ደርግ እንደወደቀ ሄጄ ጠየቅሁ። ዘበኛው የተሰባበረ በር አሳየኝና «ፍሬሙን ነው የወሰዱት እህቴ፤ ወረቀቱን ማን ይፈልገዋል?» አለኝ። እኔ እፈልገዋለሁ! መንገዱ አሁንም አለ፣ ቁልቁለቱም አለ፤ የሌለው ያ ድምፅ ነው፣ ያቺ ልጅ ናት፣ እንደዚያ ሆና ለማየቴ የነበረኝ ብቸኛ ማስረጃም የለም።

ምናልባት ግን አልተቀደደ ይሆናል። ምናልባት ከብዙ ዘመን በኋላ አንድ ሰው ከአሮጌ ወረቀት መሀል አግኝቶት፣ ቀዩን ጽሑፍ አንብቦ፣ «አይ ምስኪን» ይል ይሆናል። ይሄን የምጽፈው ለዚያ ሰው ነው። አትዘንላት። በግራ በኩል፣ መቀሱ ባልደረሰበት ጥግ፣ ጭጋግ መስለው የሚታዩ ሁለት ወንዶች አሉ፤ ሊደርሱባት እየሮጡ ነው። አልደረሱባትም።