የወንድሜ ቀጭን ስፔሰር

ታናሽ ወንድሜን ሰፈሩ «ጆሮ» ይለዋል። ገና በልጅነቱ የእናታችን የልብስ ስፌት መኪና ሲንኳኳ ሰምቶ «ዘይት ጠምቷታል» ያለ ጊዜ ነው ስሙ የወጣለት። ያንኑ ቀን እኔ ያችን መኪና ከነጠረጴዛዋ ብቻዬን ተሸክሜ ክፍል አዛውሬያለሁ፤ ማንም ስም አላወጣልኝም። አሁን ይሄ ፍርድ ነው?

ሁለታችንም መካኒኮች ነን፤ የምንሠራውም አባታችን ጋራዥ ውስጥ ነው። አባባ ሥራ ሲያቆም ለራሱ ያስቀራት አንዲት አሮጌ የውድድር መኪና ናት። ዓይኑ ስለደከመ አይነዳትም፤ መሸጥ ደግሞ ሞቱ ነው። አንድ ቀን ጠራንና «ዳገት ላይ ትንፋሽ ያጥራታል። ስፔሰር አስገቡላት። ተራ በተራ ሞክሩ፤ ያዳናት ይውሰዳት» አለን።

ስፔሰር ነዳጅና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡራተር፣ ቅልቅሉን ወደ ሞተሩ ከሚያስገባው ማኒፎልድ ከፍ አድርጎ የሚያስቀምጥ ዝርግ ነገር ነው። መለዋወጫ ሻጩ ጋ አብረን ሄድን። ጆሮ እጁን ሰደደና ባለ አራት ቀዳዳውን ቀጭን ፋይበር አነሳ። «ይሄ ሙቀት አያሳልፍም፤ ሞተሩ በዝቅተኛ ዙር ሲሠራም ጉልበት ይሰጣታል» አለ። ሻጩ «ይሄ ልጅ ያውቃል!» አይል መሰላችሁ! ደሜ ፈላ። ሁለት ጣት የሚወፍረውን፣ መሃሉ ክፍት የሆነውን አልሙኒየም አነሳሁ። ታላቁ እኔ አይደለሁ እንዴ!

ቅዳሜ ጠዋት ጆሮ ከሚስቴ ሊጥ ለምኖ መጣ። አድቦልቡሎ አየር ማጣሪያው ላይ አስቀመጠና ኮፈኑን ዘጋ፤ መልሶ ከፍቶ ሊጡ ምን ያህል እንደተጨፈለቀ አየ። ኮፈኑ ይነካው እንደሆነ መለካቱ ነው። «ዳቦ ልትጋግር ነው?» ብዬ የጋራዡን ሠራተኞች አሳቅኩ። ሊጧ ምን እንደሚሆን ልታይ የመጣችው የገዛ ሚስቴ ግን «ብልጥ እኮ ነው!» አለች። እሷም! እሱ ማሸጊያውን፣ ጓርኒሲዮኑን፣ ከላይም ከታችም አዲስ አድርጎ፣ ቡሎኖቹን በመስቀለኛ ጥቂት በጥቂት አጠበቀና አባባን አጠገቡ አስቀምጦ ዳገቱን ወጣ። መኪናዋ አንዴም አልሳለችም።

በማግስቱ የኔ ተራ ሆነ። ሊጥ? ሞቼ ነው! ረጃጅም ቡሎን ፈልጌ ወፍራሙን አስገባሁ። ኮፈኑ አልገጥም ሲል በሁለት እጄ ተጫንኩት። ገጠመ፤ መሃሉ ላይ ግን እብጠት አወጣ። አባባን ይዤ ዳገቱ ሥር ነዳጅ ስሰጣት ታነቀች። ዙር አግኝታ የተፈተለከችው ዳገቱ ሊያልቅ ሲል ነው።

አባባ ወርዶ እብጠቱን በመዳፉ ዳሰሰ። ያንን ኮፈን በወጣትነቱ በገዛ እጁ ነው ቀጥቅጦ የሠራው።

«ወፍራሙን ለምን መረጥክ?» አለኝ።

«ኃይል ይጨምራል ብዬ ነዋ፣ አባባ።»

«አይደለም። ቀጭኑን እሱ ስላነሳው ነው።»

ቁልፉን ለጆሮ ሰጠው። እኔም እኮ ዓይኔን የጣልኩት ቀጭኑ ላይ ነበር፤ ቀደመኝ እንጂ!

አሁን ጆሮ በየማለዳው ቤቴ ፊት ለፊት ያለውን ዳገት ይወጣባታል። ከታች ስትነሳ ቁርሴን ትቼ አዳምጣለሁ። አንዴ እንኳ ትሳል፣ አንዴ! ባለፈው ሰኞ እውነትም ድምጿ ተንቀጠቀጠ። ደስታዬን አልችል ብዬ ብድግ አልኩ፤ «አንዱ ካንዴላ ደክሟል!»

«ታዲያ ንገረዋ» አለች ሚስቴ።

«ለምን ብዬ? ራሱ ይስማ፤ ጆሮው እሱ አይደል!»

እንደዚያን ቀን ምግብ ጣፍጦኝ አያውቅም። በማግስቱ ዳገቱን ጥርት ባለ ድምፅ ወጣችው፤ ካንዴላው ተቀይሯል።