የአኮ ግድግዳና የፕላስቲኩ ቱቦ

ወለጋ፣ ቡርቃ ጃቶ ውስጥ የምኖርበት መንደር ተዳፋት ላይ ነው። ክረምት ሲገባ ከላይ የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን ተሻግሮ በቀጥታ አንዲት ባልቴት ግቢ ይገባል። ሰፈሩ በሙሉ አኮ ይላቸዋል፤ በኦሮምኛ አያት ማለት ነው። የጭቃ ቤታቸው የመንገድ ዳር ግድግዳ ባለፈው ክረምት ከሥሩ ተቦርቡሮ በባላ እንጨት ተደግፎ ከረመ። ሌላ ክረምት እንደማይችል ያየው ሁሉ ያውቃል። ልጆቻቸው መጥተው ከኛ ጋር ይኑሩ ቢሏቸው፣ "ቤቴ ቆሞ ሳለ የት እሄዳለሁ?" ብለው መለሷቸው።

በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ ውሃውን ከመንገዱ ሥር አሳልፎ በግቢያቸው ጎን ወደሚወርደው ቦይ የሚያፈስ ቱቦ ሊሰጠን ተስማማ። መቆፈሩና መቅበሩ የኛ ሆነ። የብረት ወይም የፕላስቲክ፣ ምረጡ ተባልን።

እኔ አገሬ ጎጃም ነው፤ ኬሚስትሪ ላስተምር ተመድቤ መጥቼ እዚሁ ቀረሁ። ስብሰባ ላይ ብዙ አልናገርም። እዚህ ስብሰባ ያለ ጸሎት አይከፈትም፤ ጎረቤቶቼ እንደ እምነታቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሲጸልዩ እኔ አማትቤ በልቤ አቡነ ዘበሰማያት እደግማለሁ፤ ማንም ቅር ብሎት አያውቅም። የዚያን ዕለት ጸሎቱ እንዳበቃ እጄን አወጣሁና፣ "ፕላስቲኩ ይሻላል" አልኩ።

ባለ ወፍጮው ሳቀብኝ። በዚያ መንገድ እህል የጫነ አይሱዙ የሚያመላልሰው እሱ ነው።

"ባርሲስቱ" አለኝ፤ መምህርት ማለቱ ነው፤ "አይሱዙዬን በጆግ ላይ ልታስነጂኝ ነው?"

"የምትነዳው በአፈር ላይ ነው። ዙሪያው በደንብ ከተጠቀጠቀ ጭነቱን የሚሸከመው አፈሩ ነው።"

"ብረት እያለልሽ?"

"ብረቱንማ አፈሩ ይበላዋል። አፈራችን አሲዳማ ነው።"

"ጉድ በሉ! የጎጃም አፈር ጤፍ ያበላል፣ የወለጋ አፈር ብረት ይበላል!"

"የጎጃሙም ይበላል" አልኩት። "ገበሬው ማሳው ላይ ኖራ የሚበትነው ለጌጥ ይመስልሃል?"

ሰው ሳቀ፤ ግን እንዳላመኑኝ አየሁ። ስለዚህ ከታች ወዳለው ሰፈር፣ ወደ ባኬ ጃማ ይዣቸው ወረድኩ። እዚያ ከአንድ ጠባብ መንገድ ሥር የተቀበረ አሮጌ የብረት ቱቦ አለ፤ አፉ ላይ ሲያዩት ገና ደህና ነው። ጥላዬን ለባለ ወፍጮው ሰጠሁትና፣ "የቱቦውን ወለል ውጋው" አልኩት። ገፋ ሲያደርገው የጥላው ጫፍ ብረቱን በስቶ ጭቃው ውስጥ ተሰነቀረ። ነቅሎ አወጣው፤ በጋቢው ጫፍ ጠርጎ መለሰልኝ።

"ፕላስቲኩ ይሁን" አለ፤ ሌላ አልጨመረም።

እኔ ግን ጨመርኩ፤ ቦዩ ውስጥ ቆሻሻ እያከማቹ ማቃጠል ከዛሬ ጀምሮ ቀረ አልኩ። ብረት የማይፈራውን እሳት ፕላስቲክ ይፈራል። እሺ አሉ።

ሰኔ ገብቶ አንድ ቅዳሜ ተሰበሰብን። ጉድጓዱ ተቆፈረ፣ አሸዋው ተነጠፈ፣ ቱቦው ገባ። አፈር እንዳይገባበት ጫፍና ጫፉን በማዳበሪያ ከረጢት ጠፈርነው። አካፋ ልናነሳ ስንል አኮ ምርኩዛቸውን ይዘው ወጡ።

"ሳይጸለይበት አይቀበርም!"

ፓስተሩ ለቀብር ቢላ ወደምትባል ከተማ ሄደው ነበር፤ ለመመለስ መኪና እየጠበቁ ነው ተባለ። ሰዉ አካፋውን ጥሎ ተቀመጠ። እኔ ቀና ብዬ ሰማዩን ባየው ጠቁሯል። ፕላስቲክ ቀላል ነው፤ አፈር ሳይጫነው ጉድጓዱ ውሃ ከሞላ ተንሳፎ ይወጣል፣ ድካማችን ሁሉ ገደል ይገባል። ከዚያ በኋላ ግድግዳውን የሚያድነው የለም።

ወደ አኮ ጠጋ አልኩ። "አኮ፣ ዝናቡ ከቀደመን ቱቦው ይነሳል። አሁን እንቅበረው፤ ጸሎቱ በኋላ ይደርሳል።"

"ልጄ፣ አንቺ ሳታማትቢ ውሃ እንኳን አትጠጪም። የኔ ግድግዳ ሲሆን ነው እግዚአብሔር በኋላ የሚደርሰው?"

"መለሱልሽ!" አለ ባለ ወፍጮው።

እውነታቸውን ነው፤ እኔም ሳላማትብ ሥራ አልጀምርም። "እንግዲያው እርስዎ ይጸልዩ" አልኳቸው። "ግድግዳው የእርስዎ ነው፤ እንደ እርስዎ የሚለምንለት ማን አለ? እርስዎ ይለምኑ፣ እኛ አፈር እንመልስ። እጃችን ስለሠራ እግዚአብሔር ጸሎታችንን አይንቅም።"

አኮ ዳመናውን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ነጠላቸውን አጠበቁና ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ቆመው በኦሮምኛ ጀመሩ። ጸሎታቸው አጭር አይደለም። ከሞቱት ባላቸው ተነስተው ልጅ የልጅ ልጃቸውን፣ ከብቶቹን፣ አገሩን አዳረሱ። እሳቸው አረፍ ባሉ ቁጥር "አሜን" እንላለን፤ ከአሜኑ ጋር መጠቅጠቂያው እንጨት ይወርዳል። እኔ ከወዲያ ወዲህ እየተመላለስኩ፣ "በሁለቱም ጎን እኩል! አንዱ ጎን እንዳይበልጥ!" እላለሁ።

ሳንጨርስ ዝናቡ መጣ። አፈር ያልደረሰበት የላይኛው ጫፍ ተነቃነቀና ብድግ አለ።

"ተቀመጡበት!" ብዬ ጮህኩ።

ሴቶቹ ተደርድረው ተቀመጡበት። ባለ ወፍጮውም ጫፉ ላይ ዘፍ አለ፤ ቱቦውም ተመልሶ ወረደ።

"ቦርጭህ ዛሬ ለቁም ነገር ዋለ!" አለችው አንዷ።

"እኔ እኮ ለዚሁ ቀን ነው የምበላው" አላት።

የቀረነው በዙሪያቸው አፈሩን ሞላን። እነሱ አንድ በአንድ እየተነሱ፣ እኛ እየጠቀጠቅን ጨረስን። ከረጢቶቹን ፈትተን ስናበቃ ዝናቡ በረታና ቅርብ ወደሆነው ወደ አኮ ቤት ሮጥን።

ትንሿ ክፍል ሞላች። ሁላችንም የምናየው የግድግዳውን ሥር ነው። ጎርፉ ቱቦው ውስጥ ሲያገሳ ይሰማናል። ቆየን። የግድግዳው ሥር አቧራው እንኳን አልረጠበም። አኮ ጎንበስ ብለው በመዳፋቸው ዳሰሱት፣ እንደገና ዳሰሱት። ቀና ሲሉ ዓይናቸው ወደ እግራችን ሄደ፤ ወለሉ በቀይ ጭቃ ተለውሷል።

"ጎርፉ የተወልኝን ጭቃ እናንተ ተሸክማችሁ ገባችሁ? አውልቁ! ሁላችሁም ጫማ አውልቁ!"

ባለ ወፍጮው ማሰሪያውን ሊፈታ ቀድሞ አጎነበሰ።