ለጋሽ ሰይድ እጅ የሚሆን ዘንግ

ከቢቸና የተነሳሁት ከፋሲካ በኋላ፣ የአባይ ውኃ ጎድሎ በሚጠራበት ሰሞን ነው። ዓላማዬ ሞጣ ድረስ ሄጄ የታመመ ወዳጅ መጠየቅ ነበር። በሽተኛ ሊጠይቅ የሚሄድ ሰው ብርቱካን ወይም ስኳር ይይዛል፤ እኔ የያዝኩት ሁለት የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ነበር።

ወዳጄ ጋሽ ሰይድ ይባላሉ። ሞጣ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ናቸው። የተዋወቅነው እኔ ለአንድ የመንገድ ጥናት ቡድን ሾፌር ሆኜ፣ እሳቸው ለካምፓችን ስንቅ እያቀረቡ አባይ ቆላ በከረምንበት በጋ ነው። እሳቸው ካረዱት እኔ አልበላም፣ እኔ ካረድኩት እሳቸው አይበሉም። ዓሣ ግን ማንም ባርኮ አያርደውም። ስለዚህ ማታ ማታ ወንዝ ወርደን እናጠምድና ከአንድ ሰሃን እንበላ ነበር። ወዳጅነታችን በዓሣ ተጀመረ ብል ውሸት አይሆንም።

ከመነሳቴ ጥቂት ቀን በፊት ባለቤታቸው እትዬ ዘሐራ ደወሉልኝ። «አንድ ጎናቸውን መታቸው። ነፍሳቸው ተርፋለች፤ ግን ከሱቁ ጓዳ አይወጡም። ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ይውላሉ። አንተን ይሰሙህ ነበርና መጥተህ አነጋግራቸው» አሉኝ።

ምን ብዬ እንደማነጋግራቸው አላወቅሁም። አልጋዬ ሥር ያለው የዘንግ ጥቅል ትዝ ያለኝ ያኔ ነው።

ምርጫው

ዘንጎቹን የተወልኝ ካምፑ ሲዘጋ ወደ አገሩ የተመለሰው ፈረንጅ ኢንጂነር ነው። ሦስት ነበሩ። አንዱ ቀጭንና ለስላሳ ነው፤ ጫፉ እንደ ሣር ይተጣጠፋል። አምባዛ የሚያህል ዓሣ የሚፈልግ ሰው ደግሞ ከባድ ማታለያ ይወረውራል። ማታለያ የምለው መንጠቆ የተሰካበትን፣ ዓሣ መስሎ በውኃ ውስጥ የሚዋኝ የእንጨት ወይም የብረት ቁራጭ ነው። ከባድ ማታለያ በለስላሳ ዘንግ መወርወር ጤፍ በጆንያ ጭኖ በደከመ የመኪና ባሌስትራ እንደመንዳት ነው። ዘንጉ ይጎብጣል እንጂ አይወረውርም። ስለዚህ ቀጭኑን ተውኩት።

የቀሩት ሁለቱ ጠንካሮች ናቸው። አንደኛው አጭር ነው፤ ክር የሚጠቀለልበት ማጠንጠኛው ትንሽ ከበሮ ይመስላል፣ ከዘንጉ በላይም ይቀመጣል። ኢንጂነሩ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው እሱን ነበር፣ እኔም እንዲሁ። በአውራ ጣት ከበሮውን ጫን እያደረጉ ሲወረውሩበት ማታለያው ያሰቡት ቦታ ላይ ያርፋል። ሁለተኛው ረጅም ነው፤ እጀታው ብቻ የክንድ ያህል ይሆናል። ማጠንጠኛው ከዘንጉ ሥር የሚንጠለጠል፣ ፊቱ ክፍት የሆነና ከበድ ያለ ነው። በእኔ ዓይን ያ ረጅሙ የጀማሪ መሣሪያ ነበር።

ልቤ አጭሩን መርጧል። ረጅሙን የያዝኩት ለማንኛውም ብዬ ነው።

መንገዱ

መናኸሪያ ስደርስ የአውቶቡሱ ረዳት ጥቅሉን ጣሪያ ላይ ሊወረውረው እጁን ዘረጋ። «ይህ አይወጣም፣ በጉልበቴ መካከል እይዘዋለሁ» አልኩት። አጠገቤ የተቀመጡ ነጭ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ትንሽ አዩትና፣

«ልጄ፣ ይህ የቴሌቪዥን ብረት ነው?» አሉኝ።

«የዓሣ ማጥመጃ ነው፣ አባባ።»

«ቢቸና ላይ ምን ዓሣ አለ?»

«አባይ ነው የምወርደው።»

«አባይ ሲሰጥም ያውቃል፣ ሲወስድም ያውቃል» አሉ።

መንገዱ ያኔ ገና ጠጠር ነበር። ከፊታችን ከብት የጫነ መኪና እየሄደ አቧራው መስኮቱን አለበሰው። በግራ የጮቄ ተራራ ደመና ተከናንቦ ይታያል፤ በቀኝ አገሩ እየተቆራረጠ ወደ አባይ ይወርዳል። እርሻው ገና ስላልታረሰ መሬቱ ባዶ ነው፤ አህዮች በየቃርሚያው ይለቅማሉ። ደብረ ወርቅ ላይ ለቁርስ ቆምን። ሌላው ሰው በፋሲካው ምክንያት ጥብስ ሲያዝዝ እኔ ፍርፍር በልቼ ዘንጎቼ እንዳይረገጡ ቶሎ ተመለስኩ። ግንደ ወይን ላይ ሽማግሌው ወረዱ። ሲወርዱ ጥቅሉን በከዘራቸው ነካ አድርገው «ይቅናህ» አሉኝ።

ሞጣ የደረስነው ፀሐይ ሲበረታ ነው። ከመናኸሪያው በባጃጅ ወደ ጋሽ ሰይድ ቤት ሄድኩ።

ሞጣ

እትዬ ዘሐራ ከሱቁ ደጃፍ ተቀበሉኝ። ዓይናቸው መጀመሪያ ያረፈው ጥቅሉ ላይ ነው።

«አያሌው፣ ምንድን ነው ይሄ?»

ነገርኳቸው። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። «እኔ አነጋግራቸው አልኩህ እንጂ ገደል ውሰዳቸው አልኩህ? በእግራቸው ደጅ መውጣት ያቃታቸውን ሰው አዞ ካለበት ወንዝ ልታደርሳቸው ነው?»

«ግቢ ውስጥ ይሞክሩት ብዬ ነው» አልኩ። እውነቱን ለመናገር ልቤ አባይ ነበር፤ እንዴት እንደሚወርዱ ግን አላሰብኩበትም ነበር።

ጋሽ ሰይድ ጓዳው ውስጥ ተቀምጠዋል። ያ ጣቃ ጨርቅ በአንድ ትከሻ ይሸከም የነበረ ሰው ከስቷል። ስገባ ፈገግ ለማለት ሞከሩ፤ ግማሽ ፊታቸው ብቻ ታዘዘላቸው። ስለ ቢቸና፣ ስለ እህል ዋጋ ጠየቁኝ፤ መልሴን ግን አልጠበቁም። ዘንጉን ስፈታ ብቻ ቀና አሉ።

«የፈረንጁ ነው?»

«የሱ ነው። ይምጡ፣ ግቢ ውስጥ እንየው።»

ክንዳቸውን ይዤ አወጣኋቸው። መንጠቆውን ከማታለያው ፈትቼ ዒላማ እንዲሆናቸው ጥግ ላይ ቢጫ ጀሪካን አስቀመጥኩ። አጭሩን ዘንግ ሰጠኋቸው። በግራ እጃቸው ተቀበሉ። ወረወሩ፤ አውራ ጣታቸው ከበሮውን በጊዜው አልያዘውም፣ ክሩ እንደ ወፍ ጎጆ ተተራመሰ። ፈታሁት። ደግመው ወረወሩ። አሁን ማታለያው በረረ፣ ግን መጠቅለል ነበረባቸው። ክር ለመጠቅለል የሚዞረው የከበሮው መዘውር ያለው በቀኝ ነው። ቀኝ እጃቸውን አነሱ፤ ጣቶቻቸው መዘውሩን ነኩት፣ አልጨበጡትም። ደጋግመው ሞከሩ። እጁ እየተንሸራተተ ወረደ።

ዘንጉን በቀስታ ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

«ዱላህን ይዘህ ግባ፣ አያሌው። ደክሞኛል» አሉና ተመለሱ።

እትዬ ዘሐራ በር ላይ ቆመው ሁሉንም አይተዋል። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁለተኛው ቀን

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ ብቻዬን ተቀምጬ ሁለቱን ዘንጎች ጎን ለጎን አስተኛኋቸው። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ስመርጥ የነበረው ስለ ዓሣው፣ ስለ ማታለያው ክብደት፣ ስለ ክሩ ውፍረት እያሰብኩ ነበር። እትዬ ዘሐራ «አንድ ጎናቸው» ሲሉኝ የትኛው ብዬ እንኳ አልጠየቅሁም።

የከበሮው መዘውር በቀኝ ተሠርቷል፣ ወደ ግራ አይዞርም። ፊቱ ክፍት የሆነው ግን ብሎኑ ተፈትቶ መዘውሩ በፈለጉት በኩል ይገባል። ፈታሁና ወደ ግራ አዞርኩት። የቀረው፣ ግራው ሲጠቀልል ዘንጉን ምን ይይዘዋል የሚለው ነበር። ረጅሙን እጀታ በቀኝ ብብቴ ሥር አስገብቼ ክንዴን አስደገፍኩበት። ያዘ። ማጠንጠኛው ከባድ በመሆኑ የረጅሙ ዘንግ አፍንጫ አይደፋም፤ ሚዛኑ እዚያው እጀታው ላይ ያርፋል። ያ የናቅሁት መሣሪያ ነበር።

እትዬ ዘሐራ ቁርስ ይዘው ሲወጡ ብብቴ ውስጥ ዘንግ ወሽቄ አገኙኝ።

«ምን እያደረግህ ነው?»

«ቀኝ እጅ እንደሌለኝ እየሞከርኩ ነው።»

ትንሽ ቆመው አዩኝ። ከዚያ ወደ ቤት ገብተው «ይውጡ እስቲ፣ እንግዳዎትን ይዩት» ሲሉ ሰማሁ።

ጋሽ ሰይድ ወጡ። ረጅሙን ሰጠኋቸው። ክሩን የሚለቀውን ሽቦ በቀኝ እጃቸው ጀርባ ገፉት፤ ይህን ያህል ይታዘዛቸዋል። በግራ ወረወሩ። ማታለያው ከጀሪካኑ አልፎ አጥሩ ጋ ወደቀ። እጀታውን ብብታቸው ውስጥ አስገብተው በግራቸው ጠቀለሉ። ማታለያው አቧራ እያስነሳ እግራቸው ሥር መጣ። እንደገና ወረወሩ። ፀሐይ እስኪከርር አላቆሙም። ጀሪካኑን ሲመቱት ከአጥሩ ማዶ የጎረቤት ሴት «ምንድን ነው የሚንኳኳው?» ብላ ጠየቀች፣ እትዬ ዘሐራም «ሰውዬው ናቸው» ብለው መለሱላት። ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ነገር እስካሁን አልረሳሁትም።

ማታ ጋሽ ሰይድ «ወደ አባይ መኪና የሚወጣው መቼ ነው?» ብለው ጠየቁ። እኔ እትዬ ዘሐራን አየሁ።

«ወንዙ ዳር ድንጋይ ላይ ሆነው እንጂ ወደ ውኃው አይወርዱም። እኔም እመጣለሁ» አሉ እሳቸው። በዚሁ ተቆረጠ።

አባይ

ገበያተኛ በጫነ አይሱዙ እስከ ገደሉ አፋፍ ሄድን። ከዚያ በታች ለጋሽ ሰይድ በቅሎ ተከራየን። ባለበቅሎው ልጓሙን ይዞ ከፊት፣ እኔ ከጎን፣ እትዬ ዘሐራ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ከኋላ ሆነን ወረድን። ሙቀቱ ከታች እየተነሳ ፊታችንን ይመታል። ጋሽ ሰይድ ቁልቁለቱ በበረታ ቁጥር ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ እንውረድ ወይስ እንመለስ ብዬ ግን አልጠየቅሁም።

ከውኃው ከፍ ያለ ሰፊ ድንጋይ መረጥን። ከሥሩ ወንዙ ተጠማዞ ጥልቅና ጥቁር ይሆናል። ከባዱን የብረት ማታለያ አሰርኩላቸው። ወረወሩ፣ ጠቀለሉ። ወረወሩ፣ ጠቀለሉ። ማታለያው ብዙ ጊዜ ባዶውን ተመለሰ። እትዬ ዘሐራ ጃንጥላ ይዘውላቸው ቆመዋል። እኔ መቀመጥም መቆምም አቃተኝ።

ከዚያ ዘንጉ ጎበጠ። ማጠንጠኛው ክር እየለቀቀ ጮኸ። ጋሽ ሰይድ ወደ ፊት ተሳቡ፤ ዘልዬ ዘንጉን ልይዝ እጄን ስዘረጋ፣

«ተወኝ» አሉ።

ተውኩ። እትዬ ዘሐራ ግን ጃንጥላውን ጥለው የባላቸውን ቀበቶ ይዘው ከኋላ ተቀመጡ፤ ሰውየውን እንጂ ዘንጉን አልነኩም። «የማጠንጠኛውን ፍሬን ያላሉት፣ ይሂድ፣ ይድከም» አልኩ። በግራቸው አላሉት። ዓሣው ወደ መሐል ሄደ፣ ተመለሰ፣ ድንጋይ ሥር ገባ፣ ወጣ። ላባቸው በአገጫቸው ይንጠባጠባል። በመጨረሻ ባለበቅሎውና እኔ ወርደን ያወጣነው አምባዛ ጢሙ ረጅም፣ ሆዱ ነጭ፣ ከክንዴ የሚበልጥ ነበር።

ባለበቅሎው እሳት አነደደ። ዓሣውን በጨውና በሚጥሚጣ ጠብሰን እንጀራ ላይ ዘረገፍነው። ጋሽ ሰይድ ግን እጃቸውን አልሰደዱም። እትዬ ዘሐራ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ከታመሙ ጀምሮ ከሰው ጋር አይበሉም፤ በግራ እጅ ገበታ መንካት ነውር ነው ይላሉ» አሉኝ። ፊታቸውን ለምን ወደ ግድግዳ እንዳዞሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ግራ እጄን ታጥቤ ቆረስኩና ጎረስኩ። ባለበቅሎው ገርሞት አየኝ። ጋሽ ሰይድም አዩኝ፤ ረጅም ጊዜ።

«አንተ እንኳ አያምርብህም» አሉ። ከዚያም ግራ እጃቸውን ሰደዱ።

መመለስ

በማግስቱ ወደ ቢቸና ስመለስ ረጅሙን ዘንግ ሞጣ ትቼው ነበር። ጋሽ ሰይድ ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አድርገው ተቀምጠው ሸኙኝ። ቀኝ እጃቸው አልዳነም፤ አይድንም ይሆናል። ቢሆንም ደንበኛ ሲመጣ በግራቸው ጨርቅ ይዘረጋሉ።

ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ ጥቅሉ መቅለሉን አይታ «አንዱን ወሰዱብህ?» አለችኝ። የሆነውን ነገርኳት። ዘንግ የሚመረጥ ለዓሣው ይመስለኝ ነበር፤ ማታለያውን አይቶ ዘንጉን፣ ዘንጉን አይቶ ማጠንጠኛውን ማዛመድ ብቻ። የሚይዘው እጅ ከሁሉ በፊት እንደሚመጣ ለማወቅ ሞጣ ድረስ መሄድ ነበረብኝ።

በነጋታው አጭሩን ዘንግ ይዤ ጓሮ ወጣሁ። ቀኝ እጄን ቀበቶዬ ውስጥ ሻጥኩና በግራ ወረወርኩ። ክሩ ተተራመሰ። በአንድ እጅ ልፈታው ሞከርኩ፣ ባሰበት። ባለቤቴ ከበሩ ሆና ሳቀችብኝ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ግን ቀኝ እጄን አላወጣሁም። አንዷን ቋጠሮ ለመፍታት ጠዋቱን ሙሉ እዚያው ቁጭ አልኩ።